ኤቨርግሪን የተባለው ዝግባ

ልጄ መቅደስ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ባለፈው ሳምንት ለፈተና ስታጠና እኔ ሽንኩርት እከትፋለሁ፣ እሷ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ የእንግሊዝኛ ቃል ከነትርጉሙ ጮክ እያለች ትሸመድዳለች። ብዙውን አልሰማውም፤ እንደ ዝናብ በጆሮዬ ያልፋል። መሐል ላይ ግን «ኤቨርግሪን፤ ቅጠሉ ፈጽሞ የማይረግፍ» ስትል መክተፌን አቆምሁ። «ይረግፋል» አልኋት ሳላስበው። ቀና ብላ አየችኝና «እማ፣ አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው እንግሊዝኛ የጀመርሽው?» ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው። እኔ ሦስተኛ ክፍልን እንኳ አልጨረስሁም፤ ያችኑ የአማርኛ ንባቤንም ያጠናከርኋት ከልጆቼ ደብተር ነው። ከእንግሊዝኛ በደንብ የማውቀው ቃል አንድ ብቻ ነው። እሱን ግን በፍርሃት ስለተማርሁት አልረሳውም።

ያደግሁት ከአምበር ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ገባ ብላ በምትገኝ መንደር ነው። ትምህርት ቤታችን ለሁለት የተከፈለ አንድ ረጅም የጭቃ ቤት ነበር፤ የምንቀመጠውም ግንድ ላይ ነው። ደወሉ የመኪና ቸርኬ ነበር፤ ዘበኛው በብረት ሲመታው እስከ ወንዙ ይሰማል። የእኔ ዕድሜ ሰዎች ታስታውሱታላችሁ፤ ያን ከጀርባው የማባዣ ሠንጠረዥ ያለበትን ደብተር፣ ውኃ ሲነካው የሚሟሟውን የእስክሪብቶ ቀለም፣ ኪሳችን ውስጥ ከደብተሩ ቁራጭ ጋር የሚደባለቀውን የሽምብራ ቆሎ። የክፍሉ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ ጠመኔ፣ ጭቃ፣ የሴቶቹ ልጆች የፀጉር ቅቤ። በእረፍት ሰዓት ከግድግዳው ጥላ ሥር ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት አቧራው እስከ ጉልበታችን ያለብሰን ነበር።

እንግሊዝኛ የሚያስተምረን መምህር ታደሰ ከደብረ ማርቆስ አዲስ የተመደበ፣ ሱሪውን እንደ ቢላዋ ተኩሶ የሚለብስ ወጣት ነበር። አንድ ሰኞ፣ የካቲት ይመስለኛል፣ ሰሌዳው ላይ ሁለት ቃል ጻፈ። አንዱ ዴሲድየስ ነው፤ በበጋ ቅጠሉን ለሚያረግፍ ዛፍ ነው የሚባለው አለን። ሌላው ኤቨርግሪን፤ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ለሚኖር፣ ቅጠሉ ፈጽሞ ለማይረግፍ። እኛ ጥቁር በሬ እንደምንለው ቃሉ ዛፍ ከሚለው ፊት ይገባል ብሎ አስረዳንና «ዚስ ኢዝ አን ኤቨርግሪን ትሪ» እያለ አስጮኸን። ከዚያ ለነገ ከሁለቱም ዓይነት አንዳንድ ቀንበጥ ይዛችሁ ኑ አለ። ባሕር ዛፍ ይዞ የመጣ ግን ክፍል አይገባም፤ ባሕር ዛፍማ በየደጁ ሞልቷል፣ አስባችሁ አምጡ አለን።

ለመጀመሪያው አልተቸገርሁም፤ የአጥራችን ኮርች ቅጠሉን ጥሎ በቀይ አበባው ብቻ ቆሞ ነበር። ሁለተኛው ነው የጨነቀኝ። አገሩ ሁሉ እርሻ ነው፤ በዚያ በጋ ከባሕር ዛፍ ሌላ አረንጓዴ ዛፍ ከየት ይመጣል? በእኔ ዓይን የነበረው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የደብራችን ቅጽር። ከሩቅ ሲታይ ቃርሚያው በደረቀ ማሳ መካከል አንድ ክብ፣ ጥቁር አረንጓዴ ነገር ሆኖ ይታያል። ውስጡ ወይራ፣ ጥድና ዝግባ ነው።

ከዚያ ቅጽር መቁረጥ ግን ግዝት ነበረበት። እኔ ሳልወለድ እንጨት ቆራጮች አስቸግረው ካህናቱ በንግሥ ዕለት ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ ከዚህ ዛፍ የቆረጠ፣ ቅርንጫፍ የሰበረ የተወገዘ ይሁን ብለዋል። ከዚያ ወዲህ ነፋስ የጣለውን ጭራሮ እንኳ ለማገዶ የሚያነሣ የለም። ቀኝ እጃቸው የሰለለ አያ ፈንቴ የሚባሉ ጎረቤት ነበሩን። በልጅነታቸው ከበቅሎ ወድቀው እንደሆነ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያን ጊዜ እኛ ልጆች ዝግባ ቆርጠው ነው ብለን እናምን ነበር፤ መንገድ ላይ ስናገኛቸው እጃቸውን ላለማየት ፊታችንን ዞር እናደርጋለን።

ታዲያ ለምን ሰበርሽው ብትሉኝ፣ እሱም ከፍርሃት ነው። አባቴ ትምህርት ቤት የላከኝ በስንት ልመና ነበር። ባዶ እጄን ሄጄ ከክፍል ብባረር፣ በቃ ከብት ጠብቂ ይለኛል ብዬ ፈራሁ። አንዱን ፍርሃት ስሸሽ ሌላው ውስጥ ገባሁ። ማክሰኞ ጠዋት ቅዳሴ በሌለበት ሰዓት በቅጽሩ የኋላ በር ገባሁ። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፤ የእርጥብ አፈርና የጥድ ሽታ አለው። ከዝግባው ጫፍ ላይ አንድ ጉሬዛ ነጭ ካባውን ደርቦ ተቀምጦ ቁልቁል ያየኛል። ዓይኔን ከሱ ሳልነቅል እጄን ዘርግቼ ዝቅ ካለው ቅርንጫፍ ክንዴን የሚያህል ቀንበጥ ያዝሁ። ሲሰበር ድምፁ ቀጭ አለ። ያ ድምፅ የደብሩ ደወል የተደወለ ያህል ነው የመሰለኝ። ቀንበጡን ከነጠላዬ ሥር ደብቄ ወጣሁ፤ ትምህርት ቤት እስክደርስ ወደ ኋላዬ አልዞርሁም።

ክፍል ውስጥ ግማሹ ባዶ እጁን ነው የመጣ። አንዱ የጓሮ ጌሾ፣ አንዱ ደግሞ ጎመን ይዞ መጣና መምህር ታደሰ ሆዱን ይዞ ሳቀ። የእኔን ሲያይ ግን ፊቱ በራ። ከፍ አድርጎ ለሁሉም አሳየ፣ ስሜን ጠርቶ አስጨበጨበልኝ፤ ቀንበጡንም ከሰሌዳው አጠገብ ግድግዳው ላይ በምስማር መትቶ ሰቀለው። በሕይወቴ የተጨበጨበልኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ልጆቹ ግን አላጨበጨቡም ማለት ይቻላል፤ ዝግባ የት እንዳለ የማያውቅ የለም። አብራኝ የምትቀመጠው ዓለምነሽ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና «እጅሽ ገና አልደረቀም?» አለችኝ። በእረፍት ሰዓት ስሜ ትርንጎ መሆኑ ቀርቶ ኤቨርግሪን ሆነ። «ኤቨርግሪን፣ ተራሽ ነው!» ይሉኛል። ጠጠሩን ወርውሬ እጄን አየዋለሁ።

ማታ ቤት ስገባ ታናሽ ወንድሜ ማስረሻ ትኩሳት ይዞታል። ማስረሻ ያን ጊዜ ገና ጡት ያልጣለ ሕፃን ነበር። ከእኔ ቀጥሎ የተወለዱ ሁለት ልጆች ሞተውባት እናቴ እነሱን ያስረሳኝ ብላ ነው ስሙን ያወጣችለት። ጠዋት ስወጣ ደህና ነበር፤ እግሬን ይዞ አላስኬድሽም ብሎኝ ነው የሄድሁት። እናቴ ምች መታው ብላ ዳማከሴ ጨምቃ በአፉ ጠብ ታደርግለታለች። ከመቼ ጀምሮ ነው ብዬ ጠየቅኋት። «አንቺ ገና እንደ ወጣሽ» አለችኝ። እኔ በሩ ላይ እንደ ቆምሁ ቀረሁ።

ለማንም አልተናገርሁም። ብናገር አባቴ ይገድለኛል፤ ከዚያም በላይ እናቴ ታውቃለች። ልጇን የበላሁት እኔ መሆኔን ካወቀች ፊቴን እንዴት ታየዋለች? በልጅ አእምሮዬ አንድ ነገር አሰብሁ። መምህሩ ኤቨርግሪን ማለት ቅጠሉ ፈጽሞ የማይረግፍ ነው ብሏል። እንግዲያው ያ ቀንበጥ ካልረገፈ ማስረሻም አይሞትም። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ከራሴ ነው ያመጣሁት፤ ግን እንደ ጸሎተ ሃይማኖት አመንሁበት።

ረቡዕ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ክፍል ገባሁ። ቀንበጡ አረንጓዴ ነው። ሐሙስ ሳየው ደብዘዝ ብሏል፤ የከሰዓት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ እሱ ላይ ነው የምታርፈው። ቤት ደግሞ ማስረሻ ማልቀስ ትቷል፤ እንደ ሮጠ ውሻ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ለመጠጥ በያዝሁት ቅል ያለውን ውኃ ሁሉ ቀንበጡ ላይ አፈሰስሁት። ጭቃው እየቀለጠ ግድግዳውን እስከ ታች አዥጎረጎረው። መምህር ታደሰ ገብቶ ሲያይ ማነው ግድግዳዬን ያፈረሰው ብሎ ተቆጣ። ሁሉም እኔን አየ። እኔም መሬት መሬት አየሁ። «ኤቨርግሪን ውኃ ጠማት» ያለ አንድ ልጅ ነበር ከኋላ፤ ክፍሉ ሳቀ።

ዓርብ ዕለት ስገባ ከቀንበጡ በታች መሬቱ ላይ ሁለት ቅጠል ወድቋል። ዘበኛው ሲጠርግ በመጥረጊያው ነክቶት ይሆናል፤ ልጆች ነቅለውት ይሆናል፤ እንጃ። እኔ ያየሁት ሁለት ቅጠል መሬት ላይ ነው። ከማስረሻ በፊት የሞቱትም ሁለት ነበሩ። ደብተሬን ግንዱ ላይ ትቼ ሮጥሁ። መምህሩ በር ላይ ስሜን ሲጠራ ሰምቻለሁ፤ አልቆምሁም። እሾህ ወግቶኝ እንደነበር ያወቅሁት ማታ ነው።

የቤታችን የነፍስ አባት የደብሩ ቄሰ ገበዝ አላምረው ነበሩ። ቅጽሩን የሚጠብቁት፣ ለዛፎቹም ከሁሉ በላይ የሚቆጡት እሳቸው ናቸው። ደጀ ሰላሙ አጠገብ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው የመጽሐፍ ማኅደር ይሰፋሉ። እግራቸው ሥር ወደቅሁና «አባ ይፍቱኝ» አልሁ።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ምን ሆነሽ ነው ልጄ?»

«ዝግባውን ሰበርሁት። ማስረሻ ሊሞትብን ነው።»

መስፋታቸውን አቆሙ። ምን ያህል ነው የሰበርሽው አሉኝ፤ ክንዴን አሳየኋቸው። ለምን አሉኝ፤ ለእንግሊዝኛ አልሁ። «እንግሊዝ ደግሞ በእኛ ዝግባ ምን አገባው?» አሉ። እየሳቁ ይሁን እየተቆጡ አላወቅሁም። ከዚያ ግን ስለ ዝግባው መጠየቃቸውን ተዉት። ልጁ ከመቼ ጀምሮ ነው የታመመው፣ ይጠባል ወይ፣ ትንፋሹስ እንዴት ነው አሉኝ። ትንፋሹን በራሴ ደረት አሳየኋቸው። መርፌውን ቆዳው ላይ እንደ ሰኩ ተነሡ። «የግዝቱን በኋላ እንመጣበታለን። ቅደሚ» አሉኝ።

ቤታችን ሲደርሱ ማስረሻን ከእናቴ ክንድ ሳይቀበሉ ልብሱን ገለጥ አድርገው ጎኑን አዩ። ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ መካከል ይሰረጉዳል። አባቴ ምች ነው አባ፣ ዳማከሴ ጠጥቷል፣ ነገ ደግሞ ጠበል ልወስደው ነው አላቸው። እሳቸው ዝግ ባለ ድምፅ ነበር የመለሱለት፤ «እንዲህ ሲተነፍሱ የነበሩ ስንት ሕፃናት ቀብሬያለሁ መሰለህ። ጠበሉ የትም አይሄድም፣ ይጠብቀዋል። ልጁን ግን አሁን ሐኪም ቤት አድርስ።» አባቴ ማስረሻን በጋቢ አዝሎ ወጣ፤ እናቴ ነጠላዋን እየጎተተች ተከተለችው። ስለ ዝግባው ቄሰ ገበዙ ለእነሱ አንድም ነገር አልተነፈሱም።

እኔ ከጎረቤታችን ከእትዬ ጥሩነሽ ጋር ቀረሁ። ቅዳሜ ማንም አልመጣም። እሑድም እስከ ቀትር ማንም አልመጣም። እትዬ ጥሩነሽ ብይ ትለኛለች፤ እንጀራውን ወደ ጎን እገፋዋለሁ። እጄን ደጋግሜ አየው ነበር፤ ደርቆ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፤ ቅጣቱ በእኔ ቢያልቅ ብዬ። ቀትር አልፎ አጥሩ ላይ ወጥቼ መንገዱን ሳይ አባቴ ከጥምዝምዙ ብቅ አለ። ብቻውን ነው። ጋቢው ትከሻው ላይ ተጣጥፏል፤ ጀርባው ባዶ ነው። ከአጥሩ እንዴት እንደ ወረድሁ አላውቅም። ልጮኽ አፌን ስከፍት እናቴ ደግሞ ከኋላው ብቅ አለች፤ ወገቧን ጎንበስ አድርጋለች። በጎኗ በኩል አንዲት ትንሽ እግር ወጥታ ትወራጫለች። እኔ እዚያው መንገዱ ላይ ተቀመጥሁ። አባቴ መርፌ መወጋቱን፣ አንድ ቀን ብትዘገዩ ኖሮ መባላቸውን ለእትዬ ጥሩነሽ ሲነግራት ሰማሁ።

ቄሰ ገበዙ ረስተው አልተዉኝም። በሳምንቱ አስጠሩኝና ፈቱኝ። ልጁን ያሳመመው ቅጠልሽ አይደለም፣ አንቺ ሳትወለጂም ልጅ ይታመም ነበር፤ ቢሆንም የተወገዘ ነገር ነክተሻልና ቀኖና አለብሽ አሉኝ። ቀኖናዬ እስከ ፋሲካ በየእሑዱ ከዝግባው ሥር መጥረግ ነበር። እየጠረግሁ ነው ያን ነገር ያየሁት። ከዝግባው በታች ቅጠል ምንጣፍ ሠርቷል፤ ቢጫ፣ ቡናማ፣ ግማሹ አፈር የሆነ። ጠርጌ ጨርሼ እሄዳለሁ፤ በሳምንቱ ስመለስ እንደገና ወድቆ አገኘዋለሁ። ቀና ብዬ ሳየው ግን ዛፉ ያው አረንጓዴ ነው። ጫፉ ላይ ቀለል ያለ አዲስ ቅጠል አውጥቷል። መርገፉንስ ይረግፋል፤ አዲሱ ስለሚቀድመው ነው ራቁቱን የማናየው። መምህር ታደሰ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ እኔ ደግሞ በሱ ቃል ተንጠልጥዬ ያን ሳምንት ሙሉ ማለቄ አናደደኝ።

ሄጄ ልነግረው ይገባ ነበር፤ አልነገርሁትም። እናቴ ማስረሻን ስታስታምም ቤቱን የሚይዝ ሰው ጠፋ። ትንሽ ቀን ብቻ ተባልሁ፤ ትንሽ ቀኑ ወር ሆነ። ግልጹን ልናገር፣ እኔም አልለመንሁም። ያ ቀንበጥ የተሰቀለበትን ግድግዳ ዳግም ማየት አልፈለግሁም። ደብተሬን ዓለምነሽ አመጣችልኝ፤ ትምህርቴም በዚያው ቀረ። የክፍሉ ሽታና የቸርኬው ደወል ግን ዛሬም ይናፍቁኛል።

ማስረሻ ዛሬ የአራት ልጆች አባት ነው። እዚያው መንደር የአባቴን መሬት ያርሳል። የሆነውን ሁሉ ነግሬዋለሁ፤ «ለቅጠል ብለሽ ልትሸጪኝ ነበር» እያለ ይቀልድብኛል። እኔ ደብረ ማርቆስ ነኝ፤ ችግኝ ጣቢያ በቀን ሥራ ከረጢት ውስጥ አፈር እሞላለሁ። ዝግባ ስናፈላ አለቃችን ስለ ቅጠሉ ሲያስረዳ እየሰማሁ ሥራዬን እቀጥላለሁ። በእኔና በወንድሜ መካከል ያለው መንገድ በመኪና ይህን ያህል ሩቅ አይደለም። ግን መንገዱ የሚዘጋበት ጊዜ አለ፤ ስልኩ ሳምንት ሁለት ሳምንት የማይሠራበት ጊዜ አለ። በዚያ በኩል ተኩስ ነበር አሉ የሚል ወሬ ገበያ ላይ እሰማና ዘንቢሌን ሳልሞላ እመለሳለሁ። መቅደስ ከትምህርት ቤት አሥር ደቂቃ ስትዘገይም እንደዚሁ ነኝ። እሷ ትስቅብኛለች።

የልጅነቴን ፍርሃት አሁን ሳስበው እንዲያው ያሳሳኛል። ያን ጊዜ የማስረሻ ነፍስ በእኔ እጅ ያለች መስሎኝ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ስለማምን ማረሚያም ነበረው፤ የምሮጥበት ደጅ ነበረኝ፣ የምወድቅበት እግር ነበረኝ፣ መርፌያቸውን ሰክተው የሚነሡልኝ ሰው ነበሩኝ። ቄሰ ገበዝ አላምረው ካረፉ ቆይተዋል። ዛሬ ምንም አልሰበርሁም። ለማስረሻ ትናንትም ደወልሁ፣ ዛሬ ጠዋትም ደወልሁ፤ አይጠራም። ነጠላዬን ለብሼ እስከ በሩ እወጣለሁ። ወዴት እንደምሮጥ ግን አላውቅም።